ስብሰባው ላይ ሁላችንም እጃችንን አወጣን፤ መንገድ ላይ ሁላችንም ተጸጸትን

የጠባሴ ልጅ (ክሩን የከፈተው) | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ዛሬ ከሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ የእድር ስብሰባ ነበረን። ብርዱን ታውቁታላችሁ። ግማሹ ሰው ጋቢ ተከናንቦ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። አጀንዳው አንድ ነበር፦ የአርባ ድግስ ይቀነስ ወይስ እንዳለ ይቀጥል?

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እናት ባላቸው ሞቱባቸው። ለአርባው በሬ ታረደ፣ ጠላው ተጠመቀ፣ አረቄው ወጣ። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ፣ "ነፍስ ይማር" ብሎ ሄደ። እሳቸው ግን የዚያን ጊዜውን ብድር ዛሬም እየከፈሉ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሁላችንም እዚያ በልተናል። እኔም በልቻለሁ።

ዳኛችን ተነሥቶ ተናገረ፤ ጥሩ ተናገረ። "እዚህ አገር የማይደግስ የለም፤ የማይበደር የለም። ሁሉም ሰው ሬሳ ቀብሮ ዕዳ ይዞ ነው የሚቀረው። ይብቃን" አለ። ቀጥሎ "በንፍሮና በጠላ ብቻ ይሁን የምትሉ እጃችሁን አውጡ" አለ።

ዝም።

እጄ ከጋቢው ሥር ግማሽ ድረስ ወጥታ ነበር፤ እውነቴን ነው። ግራ ቀኝ አየሁ። ፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ንቅንቅ አላሉም። እኔም ጋቢዬን እንደሚያስተካክል ሰው ሆንኩና እጄን መለስኩ። "እንዳለ ይቀጥል የምትሉስ?" ሲባል መጀመሪያ ፊት ያሉት አወጡ፤ ከዚያ መሐሉ፤ ከዚያ ኋላው። እኔም አወጣሁ!

ወደ ቤት ስንመለስ ጎረቤቴ "እኔ እኮ ይቀነስ ባይ ነበርኩ" አለኝ። ትንሽ እንደሄድን ሌላዋም እንዲሁ አለች። ሰፈር እስክደርስ ድረስ ስድስት ሰው ቆጠርኩ። ታዲያ ያን ሁሉ እጅ ያወጣው ማነው? ይህ ነገር ስም አለው? ወይስ እኛ ብቻ ነን?

---

የሮቢት ሙቀት | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡45

ብርዱ ነው ወንድሜ። እኛ ሸዋ ሮቢት ጋቢ ስለማንለብስ እጃችን የት እንዳለ ይታያል 😂

ቆይ ግን፣ የእኛም እድር እንዲሁ ነው። ባለፈው መዋጮ ሲጨመር አንድ ሰው አልተቃወመም። ማታ ግን መዋጮውን ያላማረረ አንድ ቤት አልነበረም።

---

በርኖስ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡10

ከመሐል ሜዳ ነኝ፤ ዕድሜዬም ገፋ ብሏል። ልጄ፣ ስሙማ ይሉኝታ ነው። አባቶቻችን ጨርሰው አውቀውታል፤ "ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" ይላሉ። "እንደ ንጉሡ አጎንብሱ"ም አለ። ሌላ ሳይንስ ምን ያስፈልገዋል?

---

የሳይኮው መምህር | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡05

ጋሼ በርኖስ ትክክል ብለዋል። እኔ ግን ይህን ትምህርት ስለማስተምር ዝም ብል ያንቀኛል፤ ፍቀዱልኝ።

ሰለሞን አሽ የሚባል ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተመው ሙከራ ዛሬም ይጠቀሳል። ወጣቶች አንድ ክፍል ይገባሉ። አንድ መስመር ይታያቸዋል፤ ቀጥሎ ሦስት መስመሮች ይታያሉ። "ከሦስቱ ከመጀመሪያው ጋር እኩል የሆነው የቱ ነው?" ብቻ ነው ጥያቄው። ሕፃን ይመልሰዋል። ተንኮሉ ሌላ ቦታ ነው፤ በክፍሉ ካሉት እውነተኛው ተፈታኝ አንድ ብቻ ነው። የቀሩት ከተመራማሪው ጋር የተስማሙ ናቸው። ከ18ቱ ዙር በ12ቱ ሁሉም በአንድ ድምፅ ስሕተቱን ይናገራሉ። ተፈታኙ መጨረሻ አካባቢ ተራው ይደርሰዋል።

ከአራቱ ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከስሕተቱ ጋር ተስማሙ። በጠቅላላው ከመልሶቹ ሲሶ ያህሉ የቡድኑን ተከትለው የተሳሳቱ ነበሩ። ብቻቸውን ሲጠየቁ ግን የሚሳሳት አይገኝም ማለት ይቻላል። ኋላ "ለምን?" ተብለው ሲጠየቁ ገሚሱ "ዓይኔን ተጠራጠርኩ" አለ። ገሚሱ ደግሞ "እውነቱን አውቄዋለሁ፤ ግን ብቻዬን መውጣት አልፈለግኩም" አለ።

የጠባሴ ልጅ፣ አንተ ሁለተኛው ነህ። ጋቢህን ያስተካከልክበት ቅጽበት የዚያ ክፍል ታሪክ ነው። እነሱ ስለ መስመር ነበሩ፣ እናንተ ስለ በሬ።

---

በርኖስ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡30

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። ግን ሒሳብ አንድ ነገር ይለኛል። ሲሶው ከተሳሳተ ሁለት እጁ ልክ መለሰ ማለት አይደለም እንዴ? ስሕተቱን ብቻ ለምን ታወሩታላችሁ? ደግሞስ ፈረንጅ ክፍል ውስጥ፣ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር የተደረገ ነው። እኔ ስብሰባ ላይ የምቀመጠው ነገ ሬሳዬን ከሚሸከሙት ሰዎች ጋር ነው። አንድ ነው?

---

ጉጉት | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡38

ጋሼ በርኖስ ❤️ "ነገ ሬሳዬን ከሚሸከሙት" የምትለዋን ለፈተና እይዛታለሁ

---

የሳይኮው መምህር | እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡15

እጅ ሰጥቻለሁ ጋሼ። መጀመሪያ ስለ ሒሳቡ፤ አሽ ራሱም የገረመው እርስዎ ያሉት ነው። ከአራቱ አንዱ በ12ቱም ዙር አንዴም አልተንበረከከም። የመማሪያ መጻሕፍት ይህን በአንድ መስመር አልፈውት "ሰው መንጋ ነው" ወደማለት ይሮጣሉ። እኔም ክፍል ውስጥ ይህን ስሠራ ኖሬያለሁ፤ አፈርኩ።

ስለ ሁለተኛው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለት ተመራማሪዎች የአሽን ዓይነት 133 ጥናቶች ከ17 አገሮች ሰብስበው አነጻጸሩ። ሰው ከሰው ጋር ተሳስሮ በሚኖርባቸው አገሮች ከብዙኃኑ ጋር መስማማት በዝቶ ተገኘ። ስለዚህ እርስዎ እንዳሉት አንድ አይደለም፤ የእኛው ሳይከብድ አይቀርም። እዚያ ያ ልጅ ቢቃወም የሚያጣው ነገር የለም። እዚህ ጡሩምባ የሚነፋልህን ሰው ነው የምታስቀይመው።

ግን የጠባሴ ልጅ ታሪክ ከአሽም የባሰ ነገር አለበት። አሽ ጋ ሌሎቹ የተገዙ ናቸው። እናንተ ጋ የተገዛ ሰው አልነበረም! ሁሉም በየሆዱ አይፈልግም፤ ሁሉም "ሌላው ይፈልገዋል" ብሎ ያምናል። የሁሉም ዝምታ ለሁሉም ማስረጃ ይሆናል። አንተ የእነሱን ዝምታ አይተህ ዝም አልክ፤ እነሱ ያንተን አይተው።

ይህም ተጠንቷል። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ ጥናት ተማሪዎች ስለ ግቢው መጠጥ ተጠየቁ። አብዛኛው "እኔን ብዙም አይመቸኝም፤ ሌላው ተማሪ ግን ከእኔ ይልቅ ይመቸዋል" ብሎ መለሰ። ያ "ሌላው ተማሪ" የሚባለው የለም። የጋራ ጥላቸውን ነበር የሚፈሩት።

---

የሮቢት ሙቀት | እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡22

ታዲያ ደብረ ብርሃን አረቄ ቤትም እንደዚያ ይሆን? ሁሉም ቤቱ መሄድ እየፈለገ ለሰው ብሎ "አንድ ይደገም" የሚለው?

---

በርኖስ | እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡25

እሱ እንኳ ከልቡ ነው።

---

ጉጉት | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ተማሪ ነኝ፤ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። አመለካከትና ድርጊት አይገጥሙም ማለት ነው? እ.ኤ.አ. በ1934 ላፒየር የሚባል ሰው ያሳተመውን አነበብኩ። ከአንድ ወጣት ቻይናዊ ባልና ሚስት ጋር አሜሪካን ዞረ። በዚያን ጊዜ እዚያ ቻይናዊ የተጠላ ነበር። 251 ሆቴልና ምግብ ቤት ሲገቡ አንዱ ብቻ አባረራቸው። ኋላ ለእነዚያው ቤቶች "ቻይናዊ ታስተናግዳላችሁ?" ብሎ በደብዳቤ ሲጠይቅ ከመለሱት ከ90 በመቶ በላይ "አይሆንም" አሉ።

እናንተ ደግሞ የተገላቢጦሽ ናችሁ። በአፍ "ይቅር"፣ በእጅ "ይቀጥል"። ታዲያ እውነተኛው አመለካከት የቱ ነው? የእጅ ወይስ የአፍ?

(ሰዎች በአዛዥ ቃል ሌላውን ሰው በኤሌክትሪክ የነዘሩ የመሰላቸውን የሚልግራም ሙከራም ላነሣ ነበር። መምህር ይቆጣሉ ብዬ ተውኩት።)

---

የሳይኮው መምህር | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡10

አልቆጣም፤ ግን እሱ ታዛዥነት ነው። እዚያ አለቃ አለ። እዚህ ዳኛው ራሱ "ይቀነስ" እያለ ሰው አልታዘዘውም።

ስለ ጥያቄሽ፣ ሁለቱም እውነት ናቸው። ሰው ለድርጊት የሚነሣው በራሱ ፍላጎት ብቻ አይደለም። "የሚቀርቡኝ ሰዎች ምን ይጠብቁብኛል?" የሚለው አለ፤ "አቅሙስ አለኝ ወይ?" የሚለውም አለ። አይሰክ አይዘን የሚባል ሊቅ ሦስቱን ባንድ አስሮ አስተምሯል። መንገድ ላይ ሁለት ሆናችሁ ስትሄዱ የመጀመሪያው ይናገራል። አዳራሽ ስትገቡ ሁለተኛው ጉሮሮውን ያንቀዋል።

---

የአንኮበሯ | ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡30

ልጆች፣ ሳነብ ቆይቼ አሁን ነገሩ ቆረቆረኝ። ለባሌ አርባ ደግሻለሁ። በሬ አርጃለሁ። ተገድጄ አይደለም፤ ወድጄ ነው። አንኮበር ላይ ሰው ዳገቱን ወጥቶ ቤትህ ድረስ ሲመጣ ቆሎ ሰጥተህ አትሸኘውም። እናንተ አሁን የእኔን ክብር የመንጋ ሥራ ልታደርጉት ነው? ያዘነ ሰው ቤት ሲሞላለት ኀዘኑ ይቀልለታል። ይህን የትኛው ፈረንጅ ጻፈው?

---

የጠባሴ ልጅ | ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡50

እትዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ቤት መሙላቱን ማንም አልጠላውም። ዕዳው ነው።

---

ነጠላ | ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡40

በአገልግሎት ያለሁ ሰው ነኝ። አጭር ነገር ልበል። ጸሎተ ፍትሐቱ፣ ቅዳሴው፣ ለነዳያን መመጽወቱ አንድ ነገር ነው። ለጠገበ ሰው በሬ መጣል ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ነዳያኑ ከአጥር ውጭ ቆመው ነው የሚጠብቁት። "ቤተ ክርስቲያን አዘዘችን" እያልን ይሉኝታችንን በእሷ ላይ ባንጭን ደስ ይለኛል።

---

የአንኮበሯ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ እውነቱን ልንገራችሁ።

ድግሱ በቀረበ ሰሞን "አቅም የለኝም" ብዬ አልቅሻለሁ። እኅቴ ታውቃለች። ሁለት ላም ሸጥኩ። አንዷ የምትታለብ ነበረች፤ የልጆቼ ወተት ነበረች። ከዚያ በኋላ ግን ማንም "ድግስ ይቅር" ሲል ስሰማ ከሁሉ በላይ የምቆጣው እኔ ሆንኩ። ለጎረቤቴ ልጅ "አባትሽን እንደ ውሻ ልትቀብሪ ነው?" ብያታለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ለምን እንዲያ አልኩ?

---

የሳይኮው መምህር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

እትዬ፣ የጻፉትን ሁለቴ አነበብኩት። መልሱን ያወቁት ይመስለኛል፤ እኔ ስሙን ብቻ ልጨምር።

ሊዮን ፌስቲንገር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው ሐሳብ ነው። ሰው ሁለት የሚጋጩ ነገሮች ልቡ ውስጥ አብረው ሲቀመጡ ዕረፍት ያጣል። "ላሜን ሸጥኩ" የሚለው አንድ ነው። "አስፈላጊ አልነበረም" የሚለው ሌላ ነው። ላሟ አትመለስም። የሚለወጠው ሁለተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ልብ "በጣም አስፈላጊ ነበር" ይላል፤ ያርፋል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከባልደረባው ጋር የሠራውን ሙከራ አሳተሙት። ወጣቶች አንድ ሰዓት ሙሉ እጅግ አሰልቺ ሥራ ይሠራሉ፤ ለምሳሌ ሰሌዳ ላይ የተተከሉ እንጨቶችን ማዞር። ከዚያ ቀጥሎ ለሚገባው ሰው "ደስ የሚል ሥራ ነው" ብለው እንዲዋሹ ይጠየቃሉ። ለአንዱ 1 ዶላር ይከፈለዋል፤ ለሌላው 20። ኋላ "ከምርህ ሥራው እንዴት ነበር?" ሲባል "ደስ ይላል" ያለው 1 ዶላር የተከፈለው ነው። 20 የወሰደው የዋሸበት ምክንያት ኪሱ ውስጥ አለ። 1 የወሰደው ግን ምክንያት ስላጣ፣ ውሸቱን ወደ እምነት ለወጠው።

ይህ ሞኝነት አይደለም እትዬ። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። እኔም የገዛሁትን መኪና ማንም ሲነካብኝ አልወድም፤ መኪናው ግን ዳገት አይወጣም።

---

የአንኮበሯ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡34

እሺ። ነገ ለዚያች ልጅ እደውልላታለሁ።

---

የጅሩ ሰንጋ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡00

ከእነዋሪ ነኝ። የግብርና ባለሙያ ነበርኩ፤ ብዙ ዓመት ገበሬ "እሺ" እያለኝ የማይሠራበትን ሥራ ሠርቻለሁ 😀

የእኛን መረሬ አፈር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ክረምት ውኃ ይዞ ሰብሉን ያሰጥመዋል። ጅሩ ላይ ሴቱም ልጁም በእጁ መደብ እያወጣ፣ ቦይ እየቀደደ ውኃውን ያስወጣ ነበር። ወገብ ቆራጭ ሥራ ነው። በኋላ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ መጣ። እኛ ስብሰባ ጠራን፤ አስረዳን፤ ሁሉም አጨበጨበ። እርሻ ላይ ስንሄድ የለም። ከዚያ አንድ የተከበሩ አርሶ አደር መንገድ ዳር ባለው ማሳቸው ላይ ሞከሩት። ሰው ወደ ገበያ ሲያልፍ እያየ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት እኛን የሚፈልጉን እነሱ ሆኑ።

አሜሪካ አዮዋ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1943 የታተመ ጥናት አለ። ሁለት ተመራማሪዎች 259 የበቆሎ ገበሬዎችን ስለ ድቅል ዘር ጠየቁ። ብዙዎቹ ስለ ዘሩ መጀመሪያ የሰሙት ከሻጭ ነው። ለመዝራት የቆረጡት ግን ከጎረቤት አይተው ነው። እኔ ያንን ጥናት ያነበብኩት ጡረታ ልወጣ ስል ነው። ቀድሜ ባነበው ኖሮ ስንት ስብሰባ ይቀርልኝ ነበር።

ለጠባሴ ልጅ አንድ ምክር። የመጀመሪያው ድግስ ቀናሽ ደኻ እንዳይሆን። ደኻ ከቀነሰ "አጥቶ ነው" ይባላል፤ ነገሩ ደግሞ ይብስ የድህነት ምልክት ይሆናል። ማረድ እየቻለ የማያርድ ሰው ፈልጉ። እዚህ በሰንጋ ነው የምንታወቀው። አንድ ሰንጋ ያለው ሰው ንፍሮ ቢያቀርብ ያ ወሬ ጅሩን ሙሉ ይዞራል።

---

የሳይኮው መምህር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

የጅሩ ሰንጋ ያሉት ሥሩ ድረስ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ሳልናገር አልተኛም፤ የዳኛችሁ ንግግር።

አሪዞና ውስጥ እንጨቱ ድንጋይ የሆነበት ብሔራዊ ፓርክ አለ። ጎብኚ ስባሪውን እየሰረቀ አስቸገረ። ተመራማሪዎች ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ አቁመው አነጻጸሩ። አንደኛው "ብዙ ጎብኚዎች እንጨቱን እየወሰዱ ፓርኩን አጠፉት" የሚል ነበር። ሌላው "እባክዎ አይውሰዱ" ብቻ። በሁለተኛው የተሰረቀው ከ2 በመቶ በታች ነበር። በመጀመሪያው ወደ 8 በመቶ ደረሰ! ማስታወቂያው ሌብነትን ሲያወግዝ "ሁሉም ይሰርቃል" ብሎ አስተማረ።

ዳኛችሁም "የማይደግስ የለም፤ የማይበደር የለም" አለ። ለማውገዝ ነው። ሰሚው ግን የያዘው "የማይደግስ የለም" የምትለዋን ነው። በዚያው አፉ "ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት አሥር ሰው ይቀነስ ብሎ ነግሮኛል" ቢል ኖሮ ሌላ ቀን ይሆን ነበር።

---

በርኖስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

አሁን እኔ ወደ ሌላው ጎን ልጎትታችሁ። ይሉኝታን እንደ በሽታ ማየት ጀመራችሁ።

ጓሳን እናውቃለን። መንዝ ላይ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ሣር ነው። ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮው እዚያ ነው ያለው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የአባቶች የሣር መጠበቂያ ሥርዓት ተጠብቆ ኖረ። ሣሩ ሦስት አምስት ዓመት ይዘጋል። አባ ቄራ የሚባል የጥበቃው አለቃ አለ፤ ሲከፈት በአዋጅ ይከፈታል። ከዚያ ሁሉም ለቤቱ ክዳን፣ ለገመዱ ያጭዳል። ማን ጠበቀው? ሰላይ መንግሥት ነበር? ጎረቤት ነው የጠበቀው። ሰው ሌሊት ሄዶ ቢያጭድ ነገ ፊቱን የት ያኖረዋል? ያ ይሉኝታ ነው ሣሩን ያቆየው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ የቄሮው ሥር ተናጋ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ እንደገና በራሱ ኮሚቴ ያዘው።

ስለዚህ መምህር፣ የሰው ዓይን ሣርም ያበቅላል፣ ላምም ያሸጣል። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

---

የሳይኮው መምህር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጋሼ፣ ይህን ለክፍሌ ይዤው እገባለሁ። እኔ የማየው ልዩነት፤ ጓሳ ላይ ሰው የሚፈልገውና የሚጠበቅበት አንድ ነበር። ሣሩ እንዲኖር ሁሉም ይፈልጋል፤ ይህንንም ሁሉም ያውቃል። ድግሱ ላይ የሚጠበቅበትን የሚፈልግ አልተገኘም።

እጅ ማውጣትም ራሱ ክፉ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኩርት ሌቪን የአሜሪካ እመቤቶች ልብና ኩላሊት እንዲያበስሉ ለማድረግ ሞክሮ ነበር። (እነሱ ይጸየፉታል። የእኛን ዱለት ቢያዩ።) ለገሚሶቹ ጥሩ ንግግር ተደረገ፤ ያበሰሉት 3 በመቶ ናቸው። የቀሩት ተወያዩ፤ መጨረሻ ላይ የሚሞክሩት እጃቸውን አወጡ፤ 32 በመቶ አበሰሉ። እነሱ ግን መጀመሪያ አንዷ የሌላዋን ልብ ሰምታለች፤ እጅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ ሳትነጋገሩ ወደ እጅ ገባችሁ።

አሽም ሌላ የሞከረው ነገር ነበር። ተፈታኙ መልሱን በወረቀት ብቻ ሲጽፍ ስሕተቱ በጣም ወረደ። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገርም ወረደ። አንድ ሰው ብቻ!

---

የጠባሴ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ወረቀት አይሆንም። የማይጽፉ እናቶች አሉ፤ ሌላ ሰው ከጻፈላቸው ምሥጢር አይደለም።

---

የሮቢት ሙቀት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡06

ባቄላና ገብስ! ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ፍሬ ስጡ። ማሰሮ አቁሙ። ይቀነስ ባይ ባቄላ፣ ይቀጥል ባይ ገብስ።

---

የአንኮበሯ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ባቄላ ሲወድቅ "ቷ" ይላል፤ ገብስ ድምፅ የለውም። በር ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ይሰማል። ባቄላና አተር ይሁን። ማሰሮው ውስጥ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፉ። እጃቸውንም ጨብጠው ያስገቡ፤ የቀረውን ፍሬ ደግሞ ሌላ ማሰሮ ውስጥ ይጣሉት፤ አለዚያ በኪሱ የቀረው ያጋልጠዋል።

---

ጉጉት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡18

እትዬ ምርጫ ቦርድ ይግቡ 😂

---

የጠባሴ ልጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡40 (ከሁለት ወር በኋላ)

ቆየሁባችሁ። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ ልጻፍ።

ስብሰባው ድጋሚ ተጠራ። ዳኛችን በዚህኛው አልወቀሰም። "ይቀነስ ያሉኝ ሰዎች አሉ፤ ስማቸውን አልናገርም" ብቻ ነው ያለው። ከዚያ እኔ ተነሣሁ። እግሬ እየተንቀጠቀጠ "ባለፈው እጄን ያወጣሁት ሳላምንበት ነው" አልኩ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ከኋላ ነው የጀመረው፤ እየቆየ ፊት ደረሰ። እንደዚያ ዓይነት ሳቅ የኀዘን ጉዳይ ላይ ሰምቼ አላውቅም። ቀጥሎ አንዲት እናት "እኔም" አሉ። ዕዳ ላይ ያሉት ናቸው።

ማሰሮው ዞረ። ጨርቁ ነበረ። 71 አባል ነበርን። ባቄላ 53፣ አተር 18።

ግን እዚያ አላለቀም። የጅሩ ሰንጋ፣ ያሉኝን አስቤ ነበር፤ ሞት ደግሞ ተራ አይጠብቅም። በሦስተኛው ሳምንት ኀዘን የገባው መጀመሪያው ስብሰባ ላይ ከሁሉ ቀድመው "ይቀጥል" ብለው እጃቸውን ያወጡት ሽማግሌ ቤት ነው። እኅታቸው አረፉ። እሳቸው ደግሞ የሰፈሩ ባለጸጋ ናቸው። ማረድ ከፈለጉ ሦስት ያርዳሉ። ሰፈሩ ሁሉ አርባውን ጠበቀ። አንዳንዱ "ያርዳሉ" ብሎ ተወራረደ ይባላል።

ንፍሮ፣ ዳቦና ጠላ ቀረበ። ነዳያን ከአጥር ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ሰው እንደ ወትሮው መጣ፤ እንደ ወትሮው አመሸ። አንዲት ሴት ስትወጣ "ቤቱ ጨለመብኝ" ስትል ሰምቻለሁ፤ አልደብቅም። ሌሎችም ይሏት ይሆናል።

ሁሉ ሲወጣ እሳቸው ጋ ቀረሁ። "አባባ፣ ያን ቀን ግን ለምን እጅዎን ቀድመው አወጡ?" አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ "እናንተ ወጣቶቹ ከኋላ ሆናችሁ ታዩኛላችሁ። ዝም ብል 'ሽማግሌው ሰስቶ ነው' እንዳትሉኝ ብዬ ነው" አሉኝ።

---

በርኖስ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡05

ወይ ጉድ። አንተ ፊታቸውን ታያለህ፤ እሳቸው ጀርባቸው ላይ ያንተን ዓይን ያያሉ።

---

የአንኮበሯ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡30

ደግ አደረጋችሁ። ለዚያች ልጅ ደውዬላታለሁ፤ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። "ላሟን ግን አስታውሳታለሁ" አለችኝ፤ ወተቷን ትጠጣ ነበር።

አንድ ጥያቄ። የድምፁ ባቄላ የት ደረሰ?

---

የጠባሴ ልጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡36

ቆልተን በቡና በላነው እትዬ። አተሩንም ጭምር።